የክሮሞዞምን ጫፍ ስለሚይዙ ፕሮቲኖች በተደጋጋሚ የሚሠሩ ስህተቶች

ስለ ቴሎሜር የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በጫማ ክር ይጀምራል። ክሩ እንዳይተረተር ጫፉ ላይ ፕላስቲክ አለች፤ የክሮሞዞም ቴሎሜርም እንደዚያው ነው ይባላል። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል፤ አልጠላውም። ጣጣው የሚመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ያቺ ፕላስቲክ አንዴ ከተጣበቀች አታነብም፣ አትመርጥም፣ ቦታዋንም አትለቅም። ቴሎሜር ላይ የሚሰፍሩት ፕሮቲኖች ግን ዲኤንኤውን ፊደል በፊደል እያነበቡ ነው የሚይዙት። በሕይወት ባለ ህዋስ ውስጥ ሲከታተሏቸው ደግሞ ብዙዎቹ በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ይለቁና በሌላ ይተካሉ።

ወደ ስህተቶቹ ከመግባታችን በፊት መነሻችንን እንያዝ። ዲኤንኤ የሚጻፈው ቤዝ በሚባሉ አራት ኬሚካላዊ ፊደላት ነው፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። የሰው ክሮሞዞም ጫፍ ላይ ቲቲኤጂጂጂ የሚሉ ስድስት ፊደላት ይደጋገማሉ። ርዝመቱ በጥቅሉ ከ5 ሺህ እስከ 15 ሺህ ጥንድ ፊደል ነው። አብዛኛው ባለ ሁለት ፈትል ነው። መጨረሻው ላይ ግን ጂ የሚበዛበት ፈትል ከአቻው አልፎ ይወጣና ነጠላ ጭራ ይሆናል፤ ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ፊደል ይረዝማል። እዚህ ላይ የሚሰፍሩት ዋና ዋናዎቹ ስድስት ፕሮቲኖች ቲአርኤፍ1፣ ቲአርኤፍ2፣ ፖት1፣ ቲፒፒ1፣ ቲን2 እና ራፕ1 ናቸው። በአንድ ላይ ሼልተሪን ይባላሉ። ይህን ስም በ2005 ያወጡላቸው ተመራማሪዋ ቲቲያ ዴ ላንግ ናቸው።

ፕሮቲኑ ጫፍ መሆኑን ያውቃል ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከሌሎቹም ብዙዎቹ ከዚህ ይወለዳሉ።

ቲአርኤፍ1 እና ቲአርኤፍ2 ጫፍ ምን እንደሆነ አያውቁም። የሚያውቁት ቅደም ተከተል ነው። ቲቲኤጂጂጂ የተደጋገመበትን ዲኤንኤ ጫፍ በሌለው፣ ፕላስሚድ በሚባል ክብ ዲኤንኤ ውስጥ ብትከቱት እዚያም ሄደው ይይዙታል። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ የራሳችን ክሮሞዞም 2 ምስክር ነው። ይህ ክሮሞዞም የተፈጠረው ሁለት የጥንት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ነው። መጋጠሚያው በ1991 ሲነበብ ቲቲኤጂጂጂ እየተደጋገመ መጥቶ ድንገት ይገለበጥና ሲሲሲቲኤኤ ይሆናል። ቦታው ዛሬ ከየትኛውም ጫፍ የራቀ ነው፤ ፊደሎቹም በዘመን ብዛት ተሸርሽረዋል። እንዲህ መሀል ላይ ከቀሩት ድግግሞሾች በአንዳንዶቹ ላይ ግን ቲአርኤፍ1 እና ቲአርኤፍ2 ዛሬም ተቀምጠው ይገኛሉ። ጫፍ የለም፣ እነሱ አሉ።

ጫፍን ጫፍ በመሆኑ ብቻ የሚይዝ ፕሮቲንስ የለም ወይ? አለ። ኩ ይባላል። ኩ70 እና ኩ80 የሚባሉ ሁለት አካላት ተጣምረው ቀለበት ይሠራሉ፤ የተሰበረ ዲኤንኤ ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ ይገባል። ፊደሉ ምንም ይሁን ምን ለኩ ግድ አይሰጠውም። ግን ኩ የጥገና ሠራተኛ ነው። የያዘውን ጫፍ ከሌላ ጫፍ ጋር ለማጋጠም ሌሎች ኢንዛይሞችን ይጠራል። አንድ የሰው ህዋስ 46 ክሮሞዞም አለው፤ ይህ ማለት 92 ጫፍ ነው። ኩ ያለ ሃይ ባይ እነዚህን ሁሉ እንደ ስብራት ቢቆጥራቸው የሚሆነውን ገምቱ። መገመትም አያሻም፤ ከአይጥ ህዋስ ላይ ቲአርኤፍ2 ሲወገድ ክሮሞዞሞቹ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው በማይክሮስኮፕ ታይተዋል። ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ክሮሞዞሞች ላይ ገና በ1930ዎቹ መጨረሻ ያስተዋሉት ነገር መነሻው ይሄው ነበር። የተሰበረ ጫፍ ካገኘው ጋር ይጋጠማል፣ ተፈጥሯዊው ጫፍ ግን አይጋጠምም።

እንግዲህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጫፍን ጠንቅቆ የሚያውቀው ፕሮቲን እዚህ ቦታ ላይ አደጋ ነው። የሚጠብቁት ደግሞ ስለ ጫፍ ደንታ የሌላቸው፣ ፊደል ብቻ የሚያነቡ ናቸው። (ኩ ጤነኛ ቴሎሜር ላይም ይገኛል፤ እንዳያጋጥም ስለሚታገድ ብቻ ነው ሰላም የሚሆነው።) ጫፍነት በአንድ ፕሮቲን ዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ባለ ሁለት ፈትሉን የሚያነበው፣ ነጠላውን ጭራ የሚያነበውና ሁለቱን የሚያስተሳስረው በአንድ ቦታ ሲገናኙ ነው ቦታው እንደ ጫፍ የሚቆጠረው።

ባለ ሁለት ፈትሉንና ጭራውን ማደባለቅ

«ይህ ፕሮቲን ቴሎሜርን ይይዛል» ሲባል ቀድሞ መጠየቅ ያለበት የትኛውን ክፍል የሚለው ነው። ባለ ሁለት ፈትሉን የሚያነቡትና ነጠላውን የሚያነቡት በቅርጽም በዘዴም አይገናኙም።

ቲአርኤፍ1ን ጠጋ ብለን እንየው። ዲኤንኤውን የሚይዘው በኋላ ጫፉ ባለች ሚብ በምትባል ትንሽ እጥፋት ነው። ሦስት ጥቅልሎች አሏት። ሦስተኛው ጥቅልል በዲኤንኤው ሰፊ ቦይ ውስጥ ይጋደማል። የቤዞቹ ጠርዝ በዚያ በኩል ለውጭ ስለሚጋለጥ ሁለቱን ፈትሎች ሳይለያይ ፊደሎቹን በዳሰሳ ያነባቸዋል። አንዲት ቀጭን ክንድ ደግሞ በጠባቡ ቦይ በኩል ትገባለች። የሚነበበው ቲኤጂጂጂቲቲ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የአንዱ ድግግሞሽ መጨረሻና የቀጣዩ መጀመሪያ ነው እንጂ አንድ ሙሉ ድግግሞሽ አይደለም። ቲአርኤፍ2ም በዚህ በኩል ወንድሙ ነው።

ምርጫው ጥብቅ ነው። ቴትራሂሜና የሚባለው ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረት ድግግሞሽ ቲቲጂጂጂጂ ነው። ከእኛው የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ኤ በጂ ተተካች፣ በቃ። የሰው ቲአርኤፍ1 ግን ዞር ብሎም አያየውም።

ፖት1 ጋ ስንመጣ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ፖት1 ኦቢ የሚባሉ ሁለት እጥፋቶች ጎን ለጎን አሉት፤ ነጠላው ፈትል በእነሱ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይተኛል። የመጀመሪያው እጥፋት ቲቲኤጂጂጂን፣ ሁለተኛው ቲቲኤጂን ይይዛል። ድምሩ አሥር ፊደል ነው። መዋቅሩ በ2004 በክሪስታል ሲታይ የመጨረሻዋ ጂ ሁለተኛው እጥፋት ውስጥ ተሸሽጋ ተገኘች። ይህ ዘዴ የሚሠራው ቤዞቹ አጋር ሳይኖራቸው ሲቀር ብቻ ነው። ተጓዳኝ ፈትል ካለ ፊታቸው ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ፖት1 የሚጨብጠው ነገር አያገኝም።

ስለዚህ ቲአርኤፍ2 ጭራውን ፊደል በፊደል ያነባል የሚል ወይም ፖት1 ባለ ሁለት ፈትሉ ላይ ተደርድሯል የሚል ሥዕል ካያችሁ ሥዕሉን የሠራው ሰው እዚህ ጋ ተደናግሯል ማለት ነው።

አቅጣጫውን መገልበጥ

አጭር ነጥብ ነች፤ ግን ብዙ ሰው ታስለቅሳለች።

የአንድ ፈትል ሁለት ዳርቻዎች 5 ፕራይም እና 3 ፕራይም ይባላሉ። ጂ የሚበዛበት ፈትል ከ5 ፕራይም ወደ 3 ፕራይም ሲነበብ ቲቲኤጂጂጂ ይላል። ጭራውም ሁልጊዜ 3 ፕራይም ነው፤ በክሮሞዞሙ በሁለቱም ዳር። አንዱ ፈትል በቀኝ በኩል ይረዝማል፣ ሌላው ፈትል በግራ በኩል ይረዝማል። በአንድ በኩል ጂ፣ በሌላ በኩል ሲ ጭራ አድርጎ መሣል ስህተት ነው።

ለሙከራ ዲኤንኤ ስታዝዙ ጂጂጂቲቲኤ ብላችሁ ብትጀምሩ ችግር የለውም፤ ያው ድግግሞሽ ነው፣ ከሌላ ቦታ ተነሳ እንጂ። ጂጂጂኤቲቲ ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ቃሉን ከኋላ ወደ ፊት አነበባችሁት። ፖት1 ይህንን አያውቀውም። ያኔ ፕሮቲኔ ሞቷል ብሎ ሳምንት ከማልቀስ ማዘዣውን መልሶ ማየት ይሻላል።

ቴሎሜር ላይ የተገኘ ሁሉ ዲኤንኤ ይይዛል ማለት

ከስድስቱ የሼልተሪን ፕሮቲኖች ቴሎሜሩን በቀጥታ ለይተው የሚይዙት ሦስት ናቸው፦ ቲአርኤፍ1፣ ቲአርኤፍ2 እና ፖት1። ቲን2 ድልድይ ነው፤ በአንድ በኩል ሁለቱን ቲአርኤፎች፣ በሌላ በኩል ቲፒፒ1ን ይይዛል። ቲፒፒ1 ፖት1ን ከቲን2 ጋር ያገናኛል። የሰው ራፕ1 ደግሞ ቲአርኤፍ2 ላይ ተሳፍሮ ነው የሚመጣው።

በማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ ነጥብ በቀይ ነጥብ ላይ ሲያርፍ «ያዘው!» ማለት ያጓጓል። ነጥቡ የሚነግረን ግን አንድ ሰፈር መሆናቸውን ብቻ ነው። በፎርማልዴሃይድ አጣብቆ ዲኤንኤውን የማውጣት ዘዴም እንዲሁ ነው። ፎርማልዴሃይድ ፕሮቲንን ከዲኤንኤ ጋር ብቻ ሳይሆን ፕሮቲንን ከፕሮቲንም ጋር ያጣብቃልና፣ ተሳፋሪውም እንደ ሹፌሩ ሆኖ ይቆጠራል። በቀጥታ መያዙን ማወቅ ከተፈለገ የጠራውን ፕሮቲን ብቻውን ከዲኤንኤው ጋር ማገናኘት ግድ ነው።

አንድ ፕሮቲን ብቻውን በመጣበቅ ኃይሉ ያሸንፋል ብሎ ማሰብ

እኔን በጣም የሚገርመኝ ክፍል ይሄ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

አንዲት ሚብ እጥፋት ብቻዋን ዲኤንኤ ላይ ያላት ጥንካሬ ደካማ ነው። ትይዛለች፣ ቶሎ ትለቃለች። ቲአርኤፍ1 ይህን የሚያካክሰው ከራሱ ቢጤ ጋር በመጣመር ነው። ሁለት ቲአርኤፍ1ዎች ቲአርኤፍኤች በሚባል ክፍላቸው ይተቃቀፋሉ፤ ያን ጊዜ ጥንዱ ሁለት እጅ አለው። አንዱ እጅ ቢለቅ ሌላው ይዟል፤ የለቀቀው ሩቅ ሳይሄድ ይመለሳል። በቲአርኤፍ1 ዘንድ ሁለቱ እጆች የሚይዟቸው ቦታዎች ጎን ለጎን መሆንም አይጠበቅባቸውም፤ መሀል ላይ ክፍተት ሊኖር፣ አቅጣጫቸውም ሊለያይ ይችላል። ቲአርኤፍ2ም ከቢጤው ጋር ይጣመራል። ቲአርኤፍ1 ከቲአርኤፍ2 ጋር ግን አይጣመርም። ስማቸው ተመሳስሏል ብሎ የተቀላቀለ ጥንድ መሣል ሌላው የተለመደ ግድፈት ነው።

የፖት1 ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ነጠላ ፈትል ዲኤንኤ ባለበት ሁሉ የሚደርስ አርፒኤ የሚባል ፕሮቲን አለ። ፊደል አይመርጥም፣ በደንብ ይጣበቃል፣ በቁጥርም ፖት1ን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። አርፒኤ ጭራውን ከሸፈነው ኤቲአር የሚባለው የጉዳት ማንቂያ ይነሳል፤ ህዋሱም ዲኤንኤዬ ተጎድቷል ብሎ መከፋፈሉን ያቆማል። በተራ ሒሳብ ፖት1 መሸነፍ ነበረበት። በመጣበቅ ጥንካሬ ብቻ ለምን እንዳልተሸነፈ ማስረዳት አይቻልም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፖት1 ከቲፒፒ1 ጋር፣ ቲፒፒ1 ከቲን2 ጋር፣ ቲን2 ደግሞ ባለ ሁለት ፈትሉ ላይ በብዛት ከተደረደሩት ቲአርኤፎች ጋር ታስሯል። ስለዚህ ፖት1 ከጭራው አጠገብ አይጠፋም። ቢለቅ እንኳ እዚያው ነው ያለው። አርፒኤ ከመላው ኒውክለስ ተጉዞ ሲመጣ ፖት1 ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከቲፒፒ1 ጋር መጣመሩ በራሱም ፖት1 ዲኤንኤውን የሚይዝበትን ጥንካሬ በአሥር እጥፍ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ይህ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ቲፒፒ1 ሲወገድ የሚሆነው ነው። ፖት1 ዲኤንኤ የሚይዙት እጥፋቶቹ ምንም ሳይነኩ ከቴሎሜሩ ይጠፋል፣ ማንቂያውም ይጮኻል።

ተቃራኒውም ተሞክሯል። የመጀመሪያው ኦቢ እጥፋቱ የተቆረጠበት፣ ጭራውን መያዝ የማይችል ፖት1 ሠርተው ህዋስ ውስጥ ሲያስገቡት ቴሎሜሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በቲፒፒ1 ተጎትቶ ነዋ። ግን ሥራውን አልሠራም፤ ቴሎሜሩ ያለ ልክ ረዘመ። ቦታው ላይ መድረስ አንድ ነገር ነው፣ ፊደሉን መጨበጥ ሌላ ነገር። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በጄሉ መታለል

የመያዝ ሙከራ ሲባል በብዛት የሚሠራው ፕሮቲኑን ምልክት ከተደረገበት ዲኤንኤ ጋር ቀላቅሎ በጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ መንዳት ነው። ፕሮቲን የያዘው ዲኤንኤ ይከብደውና ወደ ኋላ ይቀራል። ቀላል ይመስላል። የቴሎሜር ዲኤንኤ ግን ተንኮለኛ ነው።

ጂጂጂ የሚል ክፍል አራት ጊዜ ያለበት ነጠላ ፈትል ዝም ብሎ ተዘርግቶ አይጠብቃችሁም። አራት አራት ጂዎች በአንድ ጠፍጣፋ ላይ ይገጥሙና ጠፍጣፎቹ ይደራረባሉ፤ ጂ ኳድሩፕሌክስ ይባላል። ፖታሲየም ይህን እጥፋት ያጠነክረዋል፣ ሊቲየም ግን አያግዘውም። አንዱ ላቦራቶሪ ፖታሲየም ያለበትን፣ ሌላው ሊቲየም ያለበትን ፈሳሽ ይጠቀምና የሁለቱ ውጤት አይገጥምም። ከዚያ ጭቅጭቅ ይጀመራል። ሁለቱም ግን የተለያየ ነገር ነው የለኩት። ፖታሲየም ባለበት ሲሠራ ፖት1 ለመያዝ መጀመሪያ ማፍታታት አለበት፤ ይችላልም። ህዋስ በፖታሲየም የተሞላ ስለሆነ ጥያቄውን በሊቲየም አምልጦ መተው አይቻልም። በአንጻሩ ፖት1 የሚያነባት አሥር ፊደል ብቻ ከሆነች ብቻዋን እንዲህ ለመታጠፍ የሚያስችል ጂ ስለሌላት የመነሻ ልኬት በእሷ መሥራቱ ጭንቅላት ያሳርፋል።

ሌላው ወጥመድ ተወዳዳሪ ዲኤንኤ ሳይጨምሩ መሥራት ነው። ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ፕሮቲን ሁሉ ይጠጋዋል። ቲአርኤፍ2 ከፊት ለፊቱ እንዲህ ያለ ፖዘቲቭ ጭራ አለው፤ ጭራው ፈትሎች በሚገናኙበት መስቀለኛ ቦታ ላይ ፊደል ሳይመርጥ ይጣበቃል። ስለዚህ ሙሉው ቲአርኤፍ2 አንድ ዲኤንኤ ያዘ ማለት ቲቲኤጂጂጂን አነበበ ማለት አይደለም። አንድ ፊደል የተቀየረበት ዲኤንኤ ጎን ለጎን ይሠራ። የቴትራሂሜናው ቲቲጂጂጂጂ ለዚህ ግሩም ማነጻጸሪያ ነው። እሱም ከተያዘ የያዘው ማንበብ ሳይሆን ቻርጅ ነው።

ሦስተኛው፣ ሚብ እጥፋቷን ብቻ ቆርጦ ሠርቶ ስለ ሙሉው ፕሮቲን መደምደም ነው። ጥንድነቱን ያስቀራል፤ ያው ከላይ ያየነው ነው። በጣም አጭር ዲኤንኤ መጠቀምም ወደዚሁ ያደርሳል። አንድ ቦታ ብቻ ያለበት ዲኤንኤ ላይ የጥንዱ ሁለተኛ እጅ የሚይዘው የለውም።

ቀለበቱ ካለ ፕሮቲን አያስፈልግም ማለት

በ1999 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የቴሎሜር ጫፍ ወደ ኋላ ታጥፎ ትልቅ ቀለበት ሠርቶ ታየ። ነጠላው ጭራ ባለ ሁለት ፈትሉ ውስጥ ሰርጎ ከሲ ፈትሉ ጋር ይጣመራል። ቲ ሉፕ ይባላል። ጫፉ ከተደበቀ ኩ የሚገባበት አያገኝም፤ ሐሳቡ ውብ ነው። ውበቱ ግን ሁለት ስህተት ይወልዳል።

አንደኛው ቀለበቱ ሁልጊዜ ዝግ ነው ማለት ነው። ዲኤንኤው በሚቀዳበት ጊዜ መፈታት አለበት፤ ለዚህ አርቴል1 የሚባል ፈቺ ኢንዛይም አለ። ከተቀዳ በኋላ ደግሞ 184 ጫፎች ይኖራሉ፤ ከእነዚህ ግማሾቹ በመጀመሪያ ጭራ የሌላቸው ድፍን ጫፎች ናቸው። እነሱን በቲአርኤፍ2 ላይ ተሳፍሮ የሚመጣው አፖሎ የሚባል ኢንዛይም ሲ ፈትሉን ቆረጥ አድርጎ ጭራ መሥራት ይጀምርላቸዋል።

ሁለተኛው ቀለበቱን የሚሠራው ቲአርኤፍ2 ብቻ ነው ማለት ነው። በአብዛኞቹ ህዋሶች ቲአርኤፍ2 ወሳኝ ነው። ነገር ግን ገና ወደ ሁሉም ዓይነት ህዋስ መለወጥ በሚችሉ የአይጥ ፅንስ ህዋሶች ውስጥ ቲአርኤፍ2 ቢወገድም ቀለበቱ ይሠራል፣ ክሮሞዞሞቹም አይጋጠሙም። እነዚያው ህዋሶች አድገው ሌላ ዓይነት ሲሆኑ ግን ያለ ቲአርኤፍ2 አይሆንላቸውም። ይህ ግኝት ብዙ የመማሪያ ሥዕሎችን አስረጅቷል።

ስለ ጫፍ ስናወራ 3 ፕራይሙ ላይ ብቻ ማተኮርም አለ። የሌላኛው ፈትል 5 ፕራይም ጫፍስ? በሰው ክሮሞዞም ላይ ይህ ጫፍ በዘፈቀደ ባገኘው ፊደል ላይ አያልቅም፤ በአብዛኛው ሲቲኤኤሲሲ ብሎ ከሚጀምር ቦታ ነው የሚነሳው። ፖት1 ሲቀንስ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። ለምን እንደሆነ በ2023 ግልጽ ሆነ። ፖት1 ነጠላውና ባለ ሁለት ፈትሉ በሚገናኙበት ቦታ ላይ 5 ፕራይሙን ጫፍ የሚጨብጥበት ትንሽ ጎድጓዳ አለው። ከላይ ፖት1 ነጠላ ፈትል ብቻ ያነባል ብዬ ነበር፤ እሱ እውነት ሆኖ፣ መገናኛውን ደግሞ እንዲህ አድርጎ ይደፍናል።

የሰውን ሥርዓት ለፍጥረት ሁሉ ማልበስ

ቲቲኤጂጂጂ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ሁሉ ድግግሞሽ ነው። ከዚያ ውጭ ስትወጡ ተጠንቀቁ። ብዙ ዕፅዋት አንድ ቲ ጨምረው ቲቲቲኤጂጂጂ ይላሉ። የዳቦ እርሾ ደግሞ ቁርጥ ያለ ድግግሞሽ የለውም፤ ቲ እና ጂ በተዘበራረቀ መልኩ ይፈራረቃሉ። የእርሾ ራፕ1 ዲኤንኤውን ራሱ በቀጥታ ይይዛል፤ የሰው ራፕ1 ግን ተሳፋሪ ነው ብለናል። ስም አንድ ነው፣ ሥራ ግን የተለያየ። የእርሾን ጭራ የሚይዘው ሲዲሲ13 ነው። አይጥ ሁለት ፖት1 አላት፣ ሰው አንድ። ስለዚህ የአይጥ ውጤት ለሰው ሲጠቀስ የትኛው ፖት1 መሆኑ ይገለጽ።

ኦክሲትሪካ የሚባል ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረት ለዚህ ዘርፍ ባለውለታ ነው። በትልቁ ኒውክለሱ ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክሮሞዞሞች ስላሉት ጫፍ እንደ ልብ ይገኛል። የእሱ ፕሮቲን በ1998 ከዲኤንኤው ጋር በክሪስታል ሲታይ የ3 ፕራይሙ የመጨረሻ ፊደሎች በፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ ተቀብረው ነበር። ይህ እንግዲህ እውነተኛ ጫፍ ያዥ ነው።

የፍራፍሬ ዝንብ ደግሞ ከሁሉም ታፈነግጣለች። ቴሎሜሬዝ የሚባለው ጫፍ አርዛሚ ኢንዛይም የላትም፤ አጭር ድግግሞሽም የላትም። ጫፏን የምታረዝመው ዘላይ ጂኖችን (ከቦታ ቦታ የሚዘሉ የዲኤንኤ ቁራጮችን) እየለጠፈች ነው። ሆአፕ የሚባለውና ጓደኞቹ ጫፉ ላይ የሚሰፍሩት ፊደል ሳይመርጡ ነው። ተሰብሮ የቀረ ክሮሞዞም እንኳ በዝንብ ውስጥ ያለ ቴሎሜር ፊደል ለብዙ ትውልድ ሊዘልቅ ይችላል። የሚያስቀው ነገር ቴሎሜር የሚለውን ስም በ1938 ያወጡት ኸርማን ሙለር ሥራቸውን የሠሩት በዚህችው ዝንብ ላይ መሆኑ ነው።

መጠበቅ ማለት ቴሎሜሬዝን መከልከል ነው፣ የረዘመም ይሻላል ማለት

ኤልዛቤት ብላክበርን እና ካሮል ግራይደር በ1985 ያሳወቁት ቴሎሜሬዝ ጫፉን የሚለየው በሌላ መንገድ ነው። በውስጡ የያዘው አርኤንኤ ከጭራው መጨረሻ ጋር ይጣመርና ለአዲሶቹ ፊደሎች ናሙና ይሆናል። ስለዚህ ጭራው ለቴሎሜሬዝ ክፍት መሆን አለበት። ፖት1 የመጨረሻዎቹን ፊደሎች ከሸሸገ ቴሎሜሬዝ የሚይዘው ያጣል። እዚህ ድረስ ትክክል ነው።

ግን ቴሎሜሬዝን ጠርቶ የሚያመጣውም ከዚያው ቡድን ነው። ቲፒፒ1 ላይ ቴል ፓች የምትባል ትንሽ ገጽ አለች፤ ቴሎሜሬዝ በእሷ በኩል ነው ጫፉ ላይ የሚደርሰው። እዚያ ገጽ ላይ ያሉ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ሲቀየሩ ጥበቃው እንዳለ ሆኖ ማርዘሙ ይቆማል። ያው የፖት1ና የቲፒፒ1 ጥንድ በሩን ይዘጋል፣ ያው ጥንድ እንግዳውን ይጠራል።

ረጅም ቴሎሜር ዕድሜ ነው የሚለው ወሬም የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በዘር በሚተላለፍባቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ በ2014 የፖት1 ሚውቴሽኖች ተገኙ። በርከት ያሉት ያረፉት በኦቢ እጥፋቶቹ ላይ፣ ጭራውን በሚጨብጡት ቦታዎች ነው። ሚውቴሽኑን የተሸከሙት ሰዎች ቴሎሜር ሲለካ ከሌላው ሰው የረዘመ እንጂ ያጠረ አልነበረም።